ባሕር ያላዩ ተማሪዎች የባሕር ምርምር ሲሠሩ፦ የዙኒቨርስ አገልግሎት ከደብረ ብርሃን ሲገመገም

በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ባለፈው የትምህርት ዘመን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ 26 የክበባችን አባላት ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ፣ ተመራማሪዎች የሰበሰቧቸውን ፎቶግራፎች በጎ ፈቃደኞች አይተው እንዲለዩላቸው በሚያቀርበው ዙኒቨርስ በተባለ የበይነ መረብ አገልግሎት አማካይነት በሁለት የባሕር ምርምር ሥራዎች በበጎ ፈቃደኝነት ተሳትፈዋል። ከእነርሱ መካከል ባሕር በዓይኑ ያየ አንድም ተማሪ የለም፤ እኔም አላየሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ለብዙዎቻችን የባሕር ስም የሚነሣውም በዚህ «ከባሕር ወለል በላይ» በሚለው ሐረግ ብቻ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው እንደኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ሆነው ተማሪዎቻቸውን ከመጽሐፍ ያለፈ ነገር ማሠራት ለሚፈልጉ መምህራንና፣ ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለሚሹ ወላጆች ነው። አገልግሎቱ የምናጠፋበትን ጊዜና የምንከፍለውን የዳታ ገንዘብ ያህል ዋጋ አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አዎን ነው፤ ነገር ግን መምህሩ አስቀድሞ ሊሠራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ እነርሱ ካልተሠሩ ተማሪው በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል።

ባሕርን በማጥናት ሥራ ተራውን ሰው ማሳተፍ በሌሎች አገሮች ቆየት ያለ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት በጎ ፈቃደኞች ቆሻሻውን አንሥተው ብቻ አይሄዱም፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱን፣ የሲጋራ ቁራጩንና የመረብ ብጣሹን በዓይነት በዓይነቱ እየለዩ ይመዘግባሉ። ሪፍ ቼክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባካሄደው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጥናት በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ከሳይንቲስቶች ጋር ሆነው ኮራል የተባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሯቸውን ሪፎች (በውኃ ውስጥ ያሉ ቋጥኝ መሰል ግንቦች) ሁኔታ መዝግበዋል፤ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ የተጀመረው ሪፍ ላይፍ ሰርቬይም በሠለጠኑ ጠላቂዎች የሚሠራ ነው። በጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሃን የመሰለ ነጭ ነገር በገመድ ወደ ውኃ እያወረዱ፣ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በመለካት በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ፕላንክተን የተባሉ ጥቃቅን ሕያዋን መጠን ለመገመት ያግዛሉ። እነዚህ ሁሉ ባሕሩ አጠገብ መገኘትን ይጠይቃሉ። ዙኒቨርስ ግን ባሕሩን በፎቶግራፍ ተመልካቹ ወዳለበት ያመጣዋል፤ ለእኛ የተከፈተልን በርም ይኸው ነው።

የአገልግሎቱ መነሻ ሥነ ፈለክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ጋላክሲ ዙ በሚል ስም የጋላክሲዎች (የግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች) ፎቶግራፍ ለሕዝብ ቀርቦ ሰዎች በቅርጻቸው እንዲለዩአቸው ተጠየቀ፤ የተገኘው ተሳትፎ ከተጠበቀው በላይ ስለነበር በ2009 ሌሎች የምርምር ዘርፎችንም የሚያስተናግደው ዙኒቨርስ ተከፈተ። ዛሬ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በቺካጎ የሚገኘው አድለር ፕላኔታሪየምና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ይመሩታል። ክፍያ የለውም። ሳይመዘገቡ መሥራትም ይቻላል፤ መመዝገብ ለሚፈልጉ፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠየቃል። እኔ ወላጆችን ጠርቼ አስረድቼ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ተቀብያለሁ፤ ሌሎች መምህራንም ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት እመክራለሁ፤ ልጁ ዓርብ ዓርብ ለምን እንደሚያመሽ ያወቀ ወላጅ በኋላ የክበቡ ደጋፊ ይሆናልና።

የመጀመሪያው ሥራችን ፔንግዊን ዎች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የተጀመረ ሲሆን፣ በአንታርክቲካ ልሳነ ምድርና በአካባቢው ባሉ ደሴቶች ፔንግዊን የተባሉት የማይበሩ የባሕር ወፎች በሚዋለዱባቸው ሥፍራዎች የተተከሉ ካሜራዎች በራሳቸው ጊዜ እየጠበቁ የሚያነሡአቸውን ፎቶግራፎች ያቀርባል። ማንም ሰው ዓመቱን ሙሉ እዚያ ቆሞ ሊቆጥር ስለማይችል ካሜራው ይቆማል፤ ካሜራው ያነሣውን ለማየት ደግሞ የተመራማሪዎቹ ዓይን አይበቃም። ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት፣ ከመጋቢት 2012 እስከ ጥር 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ በ15 ካሜራዎች ብቻ የተነሡትና ከበጎ ፈቃደኞች ቆጠራ ጋር ለሕዝብ ይፋ የተደረጉት ፎቶግራፎች 73,802 ናቸው። የተሳታፊው ሥራ በፎቶው ላይ የሚያየውን አዋቂ ፔንግዊን፣ ጫጩትና እንቁላል እያንዳንዱን በየፊናው መሐሉን ነክቶ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎቹ ወፎቹ መቼ እንደመጡ፣ መቼ እንቁላል እንደጣሉ፣ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ስንቱ እንዳደገ ማስላት ይችላሉ። ፔንግዊኖቹ ዓሣና ክሪል የተባለውን ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ ስለሚመገቡ፣ የጫጩቶቹ ማነስ በባሕሩ ውስጥ አንድ ነገር መጉደሉን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የውኃው መሞቅ፣ የበረዶው መሳሳት ወይም ክሪሉን ሰው አጥምዶ መውሰዱ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ተማሪዎቼ ሦስቱን ዝርያዎች ለመለየት ሁለት ዓርብ ብቻ በቃቸው። ጄንቱ የተባለው ከዓይኑ በላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ቺንስትራፕ ከአገጩ በታች የባርኔጣ ማሰሪያ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ያልፍበታል፤ አዴሊ በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይዟል። አስቸጋሪው ጫጩቱን ከድንጋይ መለየት ነበር። ግራጫው ጫጩት ከእናቱ ሥር ተወሽቆ ሲቀመጥ ጠጠር ይመስላል፤ ጎጆውም የጠጠር ክምር ነው። በዚህ ላይ በረዶ ሲጨመርበት፣ ካሜራውም በእርጥበት ሲደበዝዝ፣ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ሲከራከሩ አይቻለሁ። የመንዝ ጓሳንና የጣርማ በርን ገደል የሚያውቁ ልጆች በዚህ ረገድ ከከተማ ልጆች በግልጽ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሩቅ ገደል ላይ ጭላዳን ከድንጋይ ለይቶ መቁጠር የለመደ ዓይን ፔንግዊንም አያመልጠውም። እንዲህ ያለው ችሎታ በፈተና ወረቀት ላይ ታይቶ የማይታወቅ ነውና፣ በክፍል ውስጥ ዝም የሚሉ ሁለት የገጠር ተማሪዎች የቡድን መሪ ሆነው መውጣታቸውን በደስታ እመሰክራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረን ግን ምንም ያልነበረባቸው ፎቶግራፎች ናቸው። ካሜራዎቹ በክረምቱም ስለሚሠሩ፣ ፔንግዊኖቹ ከሥፍራው በማይኖሩበት ወራት የተነሡ፣ በረዶና ሰማይ ብቻ የሚታይባቸው ብዙ ምስሎች ይመጣሉ። በኅዳር ወር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተከታትለው የመጡላትን ባዶ ፎቶግራፎች ካየች በኋላ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እየሠራሁ አይደለም፤ ምንም አላገኘሁም» አለችኝ። ጓደኞቿ በበኩላቸው ባዶ ምስል ሲመጣባቸው አንድ ጥቁር ነጥብ ፈልገው ፔንግዊን ነው ብለው ምልክት ማድረግ ጀምረው ነበር። እንዲህ ማድረጋቸው ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ በትምህርት ቤታችን ባዶ የተተወ መልስ ዜሮ ስለሚያሰጥ፣ ባዶ ቦታን መሙላት ለዓመታት የለመዱት ነገር ነው። በዚያን ዕለት ሥራውን አስቁሜ፣ ወፎቹ ያልነበሩበት ቀን በትክክል ካልተመዘገበ የመጡበት ቀን ሊታወቅ እንደማይችል፣ «የለም» ብሎ መመዝገብም የቆጠራው አካል እንደሆነ በሰሌዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሥዬ አስረዳሁ። ለልጅቱም «ካላየሽ አላየሁም በይ፤ ያ ነው ሥራሽ» አልኳት። ባለፉት አሥራ አራት ዓመታት በማስተማር ላይ ሳለሁ የሳይንስን ታማኝነት በዚህ ልክ ያስረዳሁበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ወላጆችም ሆኑ ባልደረቦቼ በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ፣ የ15 ዓመት ልጅ የሚሰጠው መልስ ለሳይንቲስት ምን ይረባዋል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው፤ አንድን ፎቶግራፍ አንድ ሰው ብቻ አይቶት አያልፍም፤ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ለየብቻቸው ያዩታል፤ ከዚያም በአንድ ሥፍራ ላይ የተቀራረቡት ምልክቶች በኮምፒውተር ስሌት ተሰባስበው እንደ አንድ ወፍ ይቆጠራሉ። አንድ ተማሪ ድንጋዩን ጫጩት ቢለው ሌሎቹ ስለማይስማሙበት ምልክቱ ብቻውን ይቀራል። ተመራማሪዎቹም የሕዝቡን ቆጠራ ከባለሙያ ቆጠራ ጋር እያነጻጸሩ የት ላይ እንደሚለያይ ያጠናሉ። በገጠር እርሻ ወሰን ላይ ጠብ ሲነሣ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ተይዞ እንደማይፈረድ ሁሉ፣ እዚህም የብዙ ምስክር ቃል እየተመዘነ ይወሰናል ብዬ ለወላጆች ሳስረዳ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ሥራ ፍሎቲንግ ፎረስትስ፣ በእኛ አነጋገር «ተንሳፋፊ ደኖች»፣ የሚባል ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ሲሆን፣ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከጠፈር ያነሡአቸውን የባሕር ዳርቻ ምስሎች ያቀርብና ኬልፕ የተባለው ግዙፍ የባሕር አረም በውኃው ላይ የተንሳፈፈበትን ቦታ በመስመር እንድንከብበው ይጠይቃል። ይህኛው ከፔንግዊኑ ይከብዳል። የምስሉ አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚሆን ቦታ ስለምትወክል፣ የሚታየው አረንጓዴ ጭረት ብቻ ነው። ደመናውና በማዕበል ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ከኬልፑ ጋር ይምታታሉ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰልችተው ወደ ፔንግዊኖቹ ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ብቻ ብመርጥ ይሻለኛል።

ሆኖም ይህ ሥራ ከሌላኛው ይልቅ ወደ ደጃችን የቀረበው ባልጠበቅሁት መንገድ ነው። «ባሕር ውስጥ ያለ ደን» ስላቸው ተማሪዎቹ በሙሉ ያሰቡት ባሕር ዛፍን ነበር። መሳሳታቸውን ለማረም ስነሣ የነገሩ ሥር ጠለቅ ያለ ሆኖ አገኘሁት። ባሕር ዛፍ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ነው፤ በከተማችን ዙሪያ ያሉትን ኮረብታዎች የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግራችንን አቃልሏል። ያው የታዝማኒያ ምድር በውኃው ውስጥ ደግሞ ግዙፍ ኬልፕ ነበረው፤ ቁመቱ ከ30 ሜትር በላይ የሚደርስ፣ ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያድግ ደን። በምሥራቅ ታዝማኒያ ይህ ደን ውኃው በመሞቁ ምክንያት እጅግ በመመናመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራሊያ መንግሥት የደቡብ ምሥራቁን የግዙፍ ኬልፕ ደን ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል። አንድ ምድር ያበቀላቸው ሁለት ደኖች፣ አንዱ እኛ ዘንድ መጥቶ ኮረብታውን ሁሉ ሲሞላ ሌላኛው በገዛ አገሩ እየጠፋ ነው። ተማሪዎቹ ከዚህ በኋላ የሳተላይቱን ምስል የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ፤ አረንጓዴው ጭረት የሚያውቁት ዛፍ ዘመድ ሆነላቸው፤ በሥነ ሕይወት ረገድ ዝምድና እንደሌላቸው፣ ኬልፕም በጥብቅ አነጋገር ተክል እንዳልሆነ፣ ማስረዳት የእኔ ፋንታ ነበር።

የኬልፕ ደን እንዴት እንደሚጠፋም በሰሜን ካሊፎርኒያ የደረሰው ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የባሕር ኮከብ የሚባሉትን እንስሳት የሚያበሰብስ በሽታ ተነሣና የባሕር ጃርት የተባለውን እሾሃማ ትንሽ እንስሳ የሚበላውን ትልቁን የባሕር ኮከብ ጨረሰው፤ ወዲያው ከ2014 እስከ 2016 ድረስ የባሕሩ ሙቀት ከልክ አለፈ። ጠላት ያጣው የባሕር ጃርት በዝቶ ኬልፑን ከሥሩ ጋጠው፤ በ350 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ላይ ከነበረው ኬልፕ ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ይህን ለመንዝ ልጅ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥን እንደሚበላና ቀበሮው ቢጠፋ ምን ሊከተል እንደሚችል ያውቃል። የጓሳ ሣር ደግሞ ለጣራ ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ በመሆኑ፣ አባቶች በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ሲያቆዩትና በተፈቀደ ቀን ብቻ ሲያጭዱት እንደኖሩ፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲፈርስም ሣሩ እንደተጎዳ ከአያቶቹ ሰምቷል። በባሕሩ ላይ ግን አባቶች የሉም፤ ማን እንደሚዘጋውና ማን እንደሚከፍተው ለመወሰን በመጀመሪያ ምን እንደቀረ መታወቅ አለበት፤ ተንሳፋፊ ደኖችን መክበብ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ትልቁ የቋንቋ ነው። መመሪያውም፣ የእርዳታ ገጹም፣ የውይይት መድረኩም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮጀክቶቹን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመተርጐም የሚያስችል መሣሪያ በአገልግሎቱ ውስጥ ቢኖርም፣ የሚተረጉም ሰውና የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ፈቃድ ያስፈልጋሉ። እኔ የሁለት ገጽ የአማርኛ መመሪያ አዘጋጅቼ አሳትሜ በየኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፌ ነበር፤ ያለ እርሱ ሥራው አይጀመርም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቃላቱን ያወጣነው ከተማሪዎቹ ጋር ተመካክረን ነው። «ጫጩት» እና «እንቁላል» አላከራከሩንም፤ «የባሕር አረም» የሚለው ግን አረም የሚነቀል ጎጂ ነገር ስለሆነ ስሙ ያሳስታል ያሉ ተማሪዎች ስለነበሩ፣ በመጨረሻ «ኬልፕ» ብለን ማቆየቱን መርጠናል። ፔንግዊንን «የማይበር የባሕር ወፍ» ብለን ለመተርጐም የሞከረውም ቡድን ስሙ ረዝሞ ስላስቸገረው ተወው።

ሁለተኛው ጉድለት መልስ አለመምጣቱ ነው። አንድ ተማሪ ምልክቱን አድርጎ ሲያስገባ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚነግረው የለም፤ ቀጣዩ ፎቶ ብቻ ይመጣል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መልሱ ቀድሞ የታወቀ ቢሆን ኖሮ ሥራው ራሱ ባላስፈለገ። ለተማሪ ግን ይህ ከባድ ነው። ክፍተቱን የሞላነው በየወሩ መጨረሻ አምስት ፎቶግራፎችን መርጠን ሁሉም ለየብቻው እንዲቆጥራቸው በማድረግና ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ አስቀምጠን በማነጻጸር ነው። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ የውይይት ገጽ ያለው መሆኑ ግን የአገልግሎቱ ትልቅ መልካም ጎን ነው፤ ግራ የገባው ሰው ጥያቄውን ጽፎ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ወይም ከተመራማሪዎቹ መልስ ሊያገኝ ይችላል። በጋላክሲ ዙ ዘመን ሐኒ ቫን አርከል የተባለች ሆላንዳዊት መምህርት ማንም ልብ ያላለውን እንግዳ የብርሃን ደመና ያሳወቀችው «ይህ ምንድን ነው» ብላ በመጠየቅ ነበር፤ ዛሬ ያ አካል በስሟ ይጠራል። መምህርት መሆኗን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

በተጨማሪ መታወቅ ያለበት፣ አንድ ፕሮጀክት ለጊዜው ያለውን ፎቶግራፍ ሲጨርስ አዲስ እስኪጫን ድረስ ሥራው ሊቆም እንደሚችል ነው። ስለዚህ መምህሩ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ብቻ የዓመት ዕቅድ ባያወጣ ይመረጣል። በስልክ የሚሠራው መተግበሪያም ሁሉንም ዓይነት ሥራ አያስተናግድም።

የኢንተርኔትና የመብራት ነገር ከአገልግሎቱ ጋር አይያያዝም፤ ሆኖም እዚህ የሚጀምር ሁሉ ይገጥመዋል። የኮምፒውተር ክፍላችን 11 የሚሠሩ ማሽኖች አሉት፤ መስመሩ ሲደክም በራሴ ስልክ የዳታ ጥቅል ገዝቼ አጋርቻለሁ። ፎቶግራፎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ጥቅሉ ቶሎ ያልቃል። መብራት በጠፋባቸው ዓርቦች አስቀድሜ ያሳተምኳቸውን ፎቶግራፎች በእርሳስ እየከበብን እንሠራ ነበር፤ ያ ወደ ተመራማሪዎቹ የማይደርስ ልምምድ ቢሆንም፣ በጥር ወር ውርጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው የአንታርክቲካን ጫጩት የሚቆጥሩት ልጆች ከሥራው አልቦዘኑም። ሦስት ሰው በአንድ ማሽን መመደብ ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፦ አንዱ ይነካል፣ አንዱ ይመለከታል፣ አንዱ ይጠራጠራል። ከሦስት በላይ ሲሆን ግን አራተኛው ወሬ ይጀምራል።

በሚያዝያ ወር ከኮምፒውተሩ ተነሥተን ወደ በሬሳ ወንዝ ወረድን። ከዳርቻው ጽዳት ዘመቻ የተማርነውን በዓይነት የመመዝገብ ዘዴ ተጠቅመን በወንዙ ዳር ያለውን የፕላስቲክ ቆሻሻ ለየነው። የምንገኘው ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ መሆኑን ለማሳየት ካርታ ይዤ ነበር፦ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ፣ ዓባይም ወደ ሜዲትራኒያን። ከጣርማ በር ወዲያ በምሥራቁ ቁልቁለት የሚወርደው ውኃ ግን ወደ አዋሽ ገብቶ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ባሕር አይደርስም። በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ባሕር ሲደርስ ግማሹ በረሃ ውስጥ መቅረቱ ተማሪዎቹን ከማንኛውም የፔንግዊን ፎቶ በላይ አስደንቋቸዋል። አንዱ ተማሪ ያነሣት ጠርሙስ በእውነት ሜዲትራኒያን ትደርስ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በመንገዱ ላይ ብዙ ማጠፊያና ግድብ ስላለ ያቺ ጠርሙስ ትደርሳለች ብዬ ልነግረው አልቻልኩም፤ የውኃው መንገድ ግን ይደርሳል አልኩት። በወንዙ ዳር ያየናቸውን ወፎችና ዕፅዋት ፎቶ እያነሣን አይናቹራሊስት በተባለው ሌላ አገልግሎት ላይ አስገብተናል፤ በዚያ ላይ አንድ ፎቶ ቀን፣ ቦታና ከሁለት ሦስተኛ በላይ የለዪዎች ስምምነት ሲያገኝ ለምርምር ብቁ ተብሎ ይመደባል። ከዙኒቨርስ ጋር ሲነጻጸር ይህኛው የራስን አካባቢ ስለሚመለከት ለተማሪው የቀረበ ነው፤ ሆኖም ካሜራ ያለው ስልክ የሌላቸውን ተማሪዎች ወደ ጎን ስለሚተው፣ ለክበብ ሥራ አሁንም ዙኒቨርስን አስቀድማለሁ።

ስለዚህ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ፔንግዊን ዎችን፣ ከዚያ በላይ ላሉት ተንሳፋፊ ደኖችን እመክራለሁ። የአማርኛ መመሪያ ማዘጋጀት ለማይችል መምህር ግን ባይጀምረው ይሻላል እላለሁ፤ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ፊት ቁጭ ያሉ ልጆች ሳይንስ ለእነርሱ እንዳልሆነ ተሰምቷቸው ይወጣሉና። ያዘጋጀነውን ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ በደብረ ሲናና በመሐል ሜዳ የሚያስተምሩ ሁለት ባልደረቦቼ ወስደውታል።

ዘንድሮ ክበቡን የምትመራው ያቺ በኅዳር ወር «ምንም አላገኘሁም» ያለችው ተማሪ ናት። ለአዲስ አባላት የመጀመሪያ ልምምድ የሚሆኑ አሥር ፎቶግራፎች እንድትመርጥ ነግሬያት ነበር። ስድስቱ ባዶ ናቸው።